በቆርቆሮው ቤት ውስጥ የተሠራው ጎጆ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የቅጥር ዘመን፣ የመጨረሻ ደመወዝ፤ ይሄን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ሞላሁት። ከሥር «በሥራ ዘመንዎ የሠሯቸው ቤቶች የሚገኙበት ቦታ» የሚል መስመር ነበር። ጂንካ፣ ቀይ አፈር፣ አርቦሬ ብዬ ጻፍኩና ኦሞራቴ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ባለቤቴ «ምነው ደነገጥክ?» አለችኝ። «ቀለሙ አልቆ ነው» አልኳት። እስክሪብቶው ደህና ነበር።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ መናገሩ ይሻላል፤ ኋላ ሌላ ሰው ከሚነግርብኝ። ዛሬም ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ ንፋስ ተነስቶ ቆርቆሮውን ካንኳኳው ዘልዬ እወጣለሁ። ግቢው መሀል ቆሜ አንገቴን ቀና አድርጌ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ጎረቤቶቼ «ፎርማን ዛሬም ጣራ ጥበቃ ወጣ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የሚስቁት ጣራ ሲነሳ ስላላዩ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ጂንካ የቀረ ጸሐፊ ነበር፤ የእኔም እጅ ብዕር እንዲይዝ ይመኝ ነበር። እኔ ግን ትምህርቱ አልሆነልኝም። አናጢው ጋሽ ያዕቆብ ዘንድ ወስዶ አስረከበኝ። ጋሽ ያዕቆብ የአሪ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ። የወንጌል አማኝ ስለሆኑ መጠጥ አይቀምሱም፣ ማንንም አይሳደቡም። ሲቆጡ መጥረቢያቸውን መሬት ላይ ያስቀምጡና ዝም ብለው ያዩሃል። ከስድብ ይከፋል።

እንጨት ሲመርጡ በመጥረቢያው ጀርባ ቀስ አድርገው ይመቱና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ምስጥ የገባበት እንጨት ድምፁ የታፈነ ነው። ጆሮ ካልለየው በአፍንጫቸው ያሸቱታል። የቋሚውን እግር እሳት ላይ እያገላበጡ ያሳርሩታል፤ ከዚያ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ከርሞ፣ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ ግድግዳ አያስነኩትም። ቱንቢ ሲጥሉ ደግሞ በክሩ ጫፍ የተንጠለጠለው ብረት እስኪረጋ ማንም ሰው አይናገርም። አንድ ጊዜ ሳልኩ። «እንደገና» አሉና ከመጀመሪያው ጀመርን።

ከሁሉ የማልረሳላቸው ግን አንድ ጥያቄያቸውን ነው። ገና አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር ባለቤቱን «ይህን ቤት ማን ይጠርገዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀይ አፈር ለአንድ መምህር ቤት ልንሠራ ሄደን ይህንኑ ጠየቁት። መምህሩ ሳቀባቸው። «የሠራተኛ ማኅበር ልታቋቁም ነው እንዴ ጋሼ?» አላቸው። ጋሽ ያዕቆብ አልሳቁም። ሚስቱን አስጠርተው በሩ በየት በኩል እንዲሆን፣ አቧራው በስንት ሰዓት ከየት እንደሚመጣ፣ ምድጃዋ የት እንደሚቀመጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቋት። ሲመለሱ «ንፋሱ ቆሻሻውን ከየት እንደሚያመጣው የሚያውቅ፣ ጎንበስ ብሎ የሚጠርገው ሰው ነው» አሉኝ። መምህሩ ያሰበው በር በስተምሥራቅ ነበር፤ የሠራነው በስተምዕራብ ነው። ያ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ በአውቶብስ ሳልፍ አየዋለሁ።

አርቦሬ ለጤና ረዳቱ ቤት ስንሠራም እንደዚያው አደረጉ። እኔ ሰውየው ብቻውን የሚኖር መስሎኝ ነበር። ለካ የምትጠርግለት አንዲት የመንደሩ ሴት ነበረች፤ እሷን አስቀምጠው ጠየቋት። በዚያን ጊዜ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ በሆዴ እስቅ ነበር።

ከዚያ የፍርሃቱ ዘመን መጣ። ጸሎት ቤቶቹ ተዘጉ። ጋሽ ያዕቆብ በቤታቸው ሰዎች ሰብስበው ሲጸልዩ ተገኙ ተብለው ከሥራ ቦታ ተወሰዱ። የመዶሻቸውን እጀታ እንደያዙ ነበር፤ ፖሊሱ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ መዶሻውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከወራት በኋላ ሲፈቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጣቶቻቸው እንደ ድሮው አይታጠፉም ነበር። ምን እንዳደረጓቸው አልጠየቅኩም፣ አልነገሩኝም። ስወጣ ግን በር ድረስ ሸኙኝና «ልጄ፣ ስትፈራ ቱንቢውን አንተ አትያዝ። ላልፈራ ሰው ስጠው። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ቤቱ ያጠራቅመዋል» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የእሳቸው ቦታ ለእኔ ተሰጠኝና ፎርማን ሆንኩ።

የመንደር ምሥረታ ዘመቻ የመጣ ጊዜ ወደ ኦሞራቴ ተላክሁ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ለዳሰነች አርብቶ አደሮች በሁለት ረድፍ ሃምሳ ቆርቆሮ ቤቶች እንድሠራ ነበር። ፕላኑ ከላይ ተሠርቶ መጥቷል። የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ሽመልስ ይባል ነበር። ወጣት ነው፤ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በደረት ኪሱ ቀይ ሽፋን ያላት ማስታወሻ ደብተር የማትለየው። ክፉ ሰው ነበር አልልም። እሱም የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩት።

የኦሞራቴ ንፋስ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ከሜዳው ማዶ አቧራው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ይደርሳል። ፕላኑ ላይ ያሉት በሮች ሁሉ ወደ መንገዱ ዞረዋል። መንገዱ ደግሞ ያለው ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ደፈር ብዬ «ጓድ፣ በሮቹን ብናዞራቸው» አልኩት።

«ለምን?»

«ንፋሱ በበር ገብቶ መውጫ ሲያጣ ጣራውን ያነሳዋል።»

«ለምረቃው ከላይ የሚመጡት እንግዶች በመንገዱ ሲያልፉ የቤት ጀርባ ይዩ ነው የምትለው?»

እሱ ደብተሯን አወጣና ስሜን ከነአባቴ ስም ጠየቀኝ። ያውቀዋል እኮ! ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ፊደል በፊደል እያስጠራ ጻፈው። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ በር አንስቼ አላውቅም።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ጣራው ከየቋሚው ጋር በሽቦ መታሰር ነበረበት። ሽቦው ከጂንካ ሳይመጣ የምረቃው ቀን ተቆረጠ። «በሚስማር ብቻ አይያዝም» ማለት ነበረብኝ። በሚስማር መታሁት። ቱንቢውንም ራሴ ያዝኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብረቱ እስኪረጋ አልጠበቅኩም። «ሥራው በደንቡ መሠረት ተጠናቋል» የሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ጋሽ ያዕቆብ ያስተማሩኝን ጥያቄ ደግሞ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ሃምሳ ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠየቀም። ቤቶቹን በወንዶቹ ስም መዝግበን ቁልፍ አስረከብን።

ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። ወንዶቹ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከብቶቻቸውን ይዘው ሄዱ። ጓድ ሽመልስ በንዴት አበደ። እኔ ግራ ቢገባኝ ናክዋ የምትባል ሴት ዘንድ ሄድኩ። ናክዋ ኦሞራቴ ገበያ ዓሣ ስለምትሸጥ አማርኛ ትሞክራለች፤ ከሠራተኞቼ ጋር ስትከራከር ሳቋ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

«ለምንድን ነው ባልሽ ቤቱ ውስጥ የማይገባው?» አልኳት።

«ወንድ ቤት አለው እንዴ?» አለችና ሳቀች። «ቤት የሴት ነው። እኔ እሠራለሁ፣ እኔ አፈርሳለሁ፣ እኔ እሸከማለሁ። ወንድ ይመጣል፣ በእኔ ቤት ይገባል። አንተ ቤት ለወንድ ሰጠህ። ወንድ ምን ያደርገዋል?»

ያን ጊዜ ነው የጋሽ ያዕቆብ ጥያቄ ትዝ ያለኝ። በዳሰነች ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት። ቀጫጭን እንጨት ከወንዙ ዳር ቆርጣ፣ ሁለቱንም ጫፍ መሬት ውስጥ ቀብራ፣ አጉብጣ እርስ በርሱ ታስረውና በቆዳ ትሸፍነዋለች። የተደፋ ቅርጫት የሚመስል፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ጎጆ ነው። እኛ እሷን ዘለን ነበር ባሏን «ቤት ሰጠንህ» ያልነው።

ጓድ ሽመልስ መፍትሔውን በአንድ ቀን አገኘ። ሴቶቹ ጎጆአቸውን አፍርሰው ወደ ቆርቆሮ ቤቶቹ እንዲገቡ በፖሊስ አዘዘ። ሴቶቹ ሳያጉረመርሙ አፈረሱ፣ ተሸክመው ገቡ። እኛም ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ልፈትሽ ናክዋ ቤት ብገባ ዐይኔን ማመን አቃተኝ። በቆርቆሮው ቤት መሀል ጎጆዋን መልሳ ሠርታዋለች! ከኔ ጣራ ሥር የእሷ ጣራ። ልጆቿ ከጎጆው ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቤት» አለችኝ።

«ይሄስ?» አልኳት ወደ ቆርቆሮው እያሳየሁ።

ቀና ብላ አየችው። «ይሄ ያንተ ነው። በጣም ረጅም። ነፋስ ረጅም ነገር ይፈልጋል። እኔ እፈራለሁ።»

በጎረቤቷም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም፣ በሁለቱም ረድፍ እንደዚያው ነበር። የምስቅ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ አልመጣም። እሷ የፈራችውን እኔም አውቀዋለሁ። ልዩነታችን እሷ ለፍርሃቷ አንድ ነገር ማድረጓ ነው።

እንግዶቹ ቅዳሜ ሊመጡ ሐሙስ ዕለት ጓድ ሽመልስ ጎጆዎቹን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄን ካዩ እኔንም አንተንም ይበሉናል። አሻጥር ነው የሚሉት። ዛሬውኑ ከየቤቱ ይውጣ፤ አንተ ራስህ ቆመህ አስፈርስ» አለኝና ደብተሯን ነካ አደረጋት። ማውጣት እንኳ አላስፈለገውም።

አንድ ፖሊስ አስከትዬ ከረድፉ ጫፍ ጀመርኩ። ሴቶቹ አላለቀሱም፣ አልጮሁም። ገመዱን ይፈታሉ፣ እንጨቱን ያስራሉ፣ ቆዳውን ይጠቀልላሉ። ከናክዋ ጎን ባለው ቤት የባሏ እናት ነበረች፤ ዐይኗ የደከመ፣ በመዳሰስ የምትሄድ አሮጊት። ብቻዋን ማፍረስ ስላቃታት እኔ አፈረስኩላት። ገመዱን ልበጥሰው ስል እጄን ያዘችና ቋጠሮውን በጣቷ እያሳየችኝ አብረን ፈታነው። ፈትተን ስንጨርስ ገመዱን በክብ ጠቅልላ ለኔ ሰጠችኝ። ለምን ለኔ እንደሰጠችኝ አላውቅም። ምናልባት መልሼ የምሠራላት መስሏት ይሆናል። ኪሴ ከተትኩት።

ናክዋ ቤት ስደርስ ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ልጆቿ ከኋላዋ ናቸው።

«ተነሽ» አልኳት።

«አልነሳም።»

«ናክዋ፣ እባክሽ። እኔም ታዝዤ ነው።»

«አንተ ማንን ትፈራለህ?» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ፖሊሱ ውጭ ነበር። «ያንን ልጅ? ደብተር ያለውን? እሱ ሰው ነው። ነፋስ ሰው አይደለም።»

ጎንበስ ብዬ እጄን ከታጠፈው እንጨት ላይ አሳረፍኩ። ለማፍረስ ነበር የነካሁት። እንጨቱ ገፋ ሳደርገው ይለምጥና ይመለሳል፤ ከኔ ቋሚዎች አንዱም እንዲህ አልነበረም። እሷ ዐይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። ትቼው ወጣሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። እሷንም ፈርቼ ነው። ለፖሊሱ «አልቋል» አልኩት፣ በሩን ዘጋሁ፣ በኖራ ምልክት አደረግሁበት።

በማግስቱ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራው ከሜዳው ማዶ ቆመ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ አላየሁም። እኔ ከመጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ሮጬ ወደ ቤቶቹ ልሂድ ወይስ ልግባ ስል የበሩን መቃን ይዤ ቀረሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ሚስማር ከእንጨት ሲነቀል የሚያሰማውን ሲጥጥታ ነው። ያን ድምፅ ከመቶ ድምፅ መሀል እለየዋለሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ቤት ጣራ ከነወጋግራው ብድግ አለ፣ አየር ላይ ለቅጽበት ቆመ፣ ተመልሶ ወደቀ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሦስተኛው። ቆርቆሮ ሜዳውን አቋርጦ ሲበር ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው መሬት ላይ ተኝተው ነበር።

ንፋሱ ሲያልፍ ሮጥኩ። የናክዋ ቤት ጣራ ወድቋል። ቆርቆሮው ግን መሬት አልነካም፤ በጎጆው ላይ ጋደም ብሏል። ጎጆው ጎንበስ አለ እንጂ አልተሰበረም። ልጆቿ አንድ በአንድ በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ፤ መጨረሻ ላይ እሷ ወጣች። ቆጠረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ጎረቤቱ ቤት ሮጠች።

እዚያ ጣራውን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ወጋግራው ቀጥ ብሎ ነው የወደቀው። አሮጊቷን ከሥሩ ያወጣናት እኔና ናክዋ ነን። አትተነፍስም ነበር። ገመዷ በኪሴ ነበር።

ምረቃው ቀረ። ጓድ ሽመልስ ሪፖርት አምጣ አለኝ። መጀመሪያ «ነዋሪዎቹ ሆን ብለው ሚስማር ነቅለዋል በል» ብሎኝ ነበር። ይህን ብጽፍ የናክዋን ባል ወስደው ያስሩታል። እውነቱን ብጽፍ እኔ ነኝ የምገባው፤ የጋሽ ያዕቆብ ጣቶች በዐይኔ ዞሩ። ሁለቱንም አልጻፍኩም። «ከአቅም በላይ በሆነ ነፋስ ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ሽመልስ አንብቦ ተነፈሰ፤ እሱንም ነፃ ያወጣው ነበር። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተጠየቀም። ወደ ጂንካ ተመለስኩ።

ከመሄዴ በፊት ናክዋ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። «ወረቀቱ ምን አለ?» አለችኝ።

«ነፋስ ነው ይላል።»

«ነፋስ የአሮጊቷን ቤት አላፈረሰም» አለች። «አንተ አፈረስክ።» ዞራ ሄደች።

መንግሥቱ በወደቀበት ዓመት የተረፈውን ንብረት መዝግበህ ና ተብዬ እንደገና ኦሞራቴ ተላክሁ። እምቢ ልል ነበር፤ ግን የአሮጊቷ ገመድ አሁንም ከመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ስለነበረ ሄድኩ። ከረድፎቹ የቀረ ነገር የለም። ሴቶቹ ቆርቆሮውን ለቃቅመው፣ አጉብጠው፣ በየጎጆአቸው ላይ በቆዳው ቦታ አልብሰውታል። ዝቅ ያሉ፣ ከንፋሱ ጀርባቸውን ያዞሩ ቤቶች ናቸው። ምን ብዬ ልመዝግብ?

ናክዋ ለትልቋ ልጇ ጎጆ ልትሠራ እንጨት ስታስተካክል አገኘኋት። ጠጉሯ ሸብቷል። ሰላም አላለችኝም፣ አላባረረችኝምም። ገመዱን አውጥቼ ሰጠኋት። ወዲያው አወቀችው። ቋጠሮውን ዳሰሰች፣ ሳበችው፣ ጥንካሬውን አየች።

«እንጨት ያዝ» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ያዝኩ። እኔ አጎብጣለሁ፣ እሷ ታስራለች። በዚያው ገመድ ነው የመጀመሪያውን ያሰረችው። ስናበቃ አቧራው ከሜዳው ማዶ ቀጥ ብሎ ታየ። መዝለልና መሮጥ አማረኝ።

«ግባ» አለችኝ።

በደረቴ ተስቤ ገባሁ፤ እሷም ተከትላ በሩ ላይ ተቀመጠች። ንፋሱ ደረሰ። ጎጆው አቃሰተ፣ ለመጠ፣ ተመለሰ። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

«ፈራህ?» አለችኝ።

«በጣም።»

«መፍራት ያኔ ነበር» አለች። «ስትሠራ።»

ንፋሱ ሲያልፍ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አነሳችና የገባውን አቧራ መጥረግ ጀመረች። እኔ ዘንድ ስትደርስ እግሬን እንዳነሳ በቅርንጫፉ ነካ አደረገችኝ። አነሳሁላት።